ከካሜራው ድምፅ ጀርባ ያለው ካሜራ

በስልካችሁ ፎቶ ስታነሱ «ቀጭ» የምትል ድምፅ አለች። ስልኩ ውስጥ ግን እንደ ድሮ ካሜራ ተከፍቶ የሚዘጋ መጋረጃ የለም። ድምፁ የተቀዳ ነው። በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደውና በኋላም ወደ አይፎን የተሻገረው «ቀጭ» የተቀዳው ከአንድ እውነተኛ ካሜራ ነው። ጂም ሪክስ የሚባል የአፕል የድምፅ ባለሙያ ገና ተማሪ ሳለ የገዛው ካኖን ኤኢ-1 ነበር። የአንድ ልጅ ካሜራ በዚህ ሁሉ ሰው ኪስ ውስጥ መግባቱ በጣም ይገርመኛል።

ሪክስ ሌላም የሠራው አለ። ማክ የሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ሲከፈት የሚሰማው ያ ሰፊ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) የእሱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ድምፅ ጆሮ የሚቆረቁር ነበር። በዚያ ላይ ኮምፒውተሮቹ ቶሎ ቶሎ ይደርቁ ስለነበር ሰው ያንን ድምፅ የሚሰማው በተናደደ ሰዓት ነው። ሪክስ የሚያረጋጋ ነገር ፈለገ። ቤቱ ቁጭ ብሎ በኪቦርድ የሲ ሜጀር ኮርድ ቀዳና ከመሐንዲሶቹ ጋር ተማክሮ በጸጥታ በ1991 በወጣው ማሽን ውስጥ አስገባው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተበሳጨን ሰው አስቦ የተሠራ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው።

የዊንዶውስ 95 መክፈቻ ድምፅ ደግሞ የሙዚቀኛው የብራያን ኢኖ ሥራ ነው። ከማይክሮሶፍት የመጣለት ትእዛዝ ረጅም የቅጽሎች ዝርዝር ነበረው፤ ጊዜው ግን ሦስት ሰከንድ ከሩብ ገደማ ብቻ። ኢኖ 84 ሙከራዎች ሠራ። ሲጨርስ ጆሮው ለጥቃቅን ጊዜ ከመሰልጠኑ የተነሳ ወደ መደበኛ ሥራው ሲመለስ ሦስት ደቂቃ እንደ ውቅያኖስ ሰፋበት። በኋላ እንደተናገረው ደግሞ ያንን ድምፅ የሠራው በማክ ነው።

የኖኪያን ጥሪ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እሷ ከስልክ በፊት ነበረች። ስፔናዊው ጊታሪስት ፍራንሲስኮ ታሬጋ በ1902 «ግራን ቫልስ» የሚል የጊታር ሙዚቃ ጻፈ። ኖኪያ ከመሃሉ ጥቂት ኖታዎች ቆረጠና በ1990ዎቹ ጥሪ አደረጋቸው። ሙሉውን ፈልጋችሁ ስሙት። ረጋ ያለ፣ የሚያምር ዋልዝ ነው። ያቺ ቦታ ስትደርስ የእኔ እጅ ሳላስበው ወደ ኪሴ ሄዷል። የድሮው ኖኪያ መልእክት ሲገባ የሚያሰማውንም አስታውሱ፤ ሦስት አጭር፣ ሁለት ረጅም፣ ሦስት አጭር። በሞርስ ኮድ ኤስኤምኤስ ማለት ነው። ስልኩ ምን እንደመጣ በግልጽ እየነገረን ነበር።

በፊልም በኩል የድምፅ ባለሙያውን ቤን በርትን የሚያህል የለም። ለስታር ዎርስ የጠመንጃ ድምፅ ሲፈልግ የሬዲዮ ማማ አቁሞ የሚይዝ የብረት ገመድ በመዶሻ መታ። የብርሃን ሰይፉ ደግሞ የፊልም ፕሮጀክተር ሞተርና የቴሌቪዥን ጥዝታ ተደባልቀው ነው። በ1951 ለአንድ ፊልም የተቀዳ፣ አዞ የነከሰው ሰው ጩኸትም ከስቱዲዮ መዝገብ አውጥቶ በ1977 እዚያው ከተተ። ዊልሄልም ይባላል። ከዚያ ወዲያ የድምፅ ሰዎች እርስ በርስ እንደ ሰላምታ እየተቀባበሉት በመቶ በሚቆጠሩ ፊልሞች ውስጥ ገብቷል። አንዴ ከለያችሁት በየፊልሙ ትይዙታላችሁ። ጌሪ ራይድስትሮም የሚባል ሌላ ባለሙያ በሠራው የጁራሲክ ፓርክ ትልቁ ዳይኖሰር ጩኸት ውስጥ የዝሆን ግልገል አለ። የትንንሾቹ ዳይኖሰሮች ጩኸትም የመጣው ስሪያ ላይ ከነበሩ ኤሊዎች ነው።

መንገድ ለሚወድ ሰው ቶኪዮ አለች። ባቡሩ ሊነሳ ሲል እየጮኸ ሰውን የሚያዋክብ ደወል ነበር። በብዙ ጣቢያዎች በአጫጭር ዜማ ተተካ። ታካዳኖባባ ጣቢያ የካርቱኑን የአስትሮ ቦይን ዜማ ያሰማል፤ በታሪኩ ውስጥ ሮቦቱ የተወለደው እዚያ ሰፈር ነዋ።

ከሁሉ ግን ልቤን የወሰደው በካሊፎርኒያ ላንካስተር አጠገብ ያለው ዘፋኝ አስፋልት ነው። በ2008 ለመኪና ማስታወቂያ ተብሎ ተሠራ። አስፋልቱ ላይ በአግድም መስመሮች ተፈልፍለዋል። መስመሮቹ ሲቀራረቡ የጎማው ድምፅ ይቀጥናል፣ ሲራራቁ ይወፍራል። በዚህ መንገድ የሙዚቃ ደራሲውን የሮሲኒን «ዊልያም ቴል» ይጫወታል። ችግሩ ዜማው ተበላሽቷል። ብዙዎች የሚስማሙበት ምክንያት በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲለካ የራሱ የመስመሩ ስፋት ተረስቷል የሚል ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ሌሊት መተኛት አቃተን ብለው አመለከቱና የመንገዱ መስመር ተደፈነ። ቆየት ብሎ ከሰው ቤት ራቅ ያለ ቦታ ላይ እንደገና ተፈለፈለ፤ ከነስህተቱ። እኔ ባይታረም ደስ ይለኛል። በዚያ የምታልፉ ከሆነ ሬዲዮውን አጥፉ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያዙ፣ ፍጥነታችሁን አትለዋውጡ።