የቀለጠ ኮንጎ ጫማ

በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌ ደን ሲቃጠል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎባ የሚገኘው ቤታችን ከእሳቱ ሩቅ ቢሆንም፣ ከሳነቴ አምባ ማዶ ከሐረና በኩል የሚነሳው ጢስ ፀሐይዋን በጠራራው ቀን ያደፈርሳት ነበር፤ እናቴም የተሰጣው ገብስ ላይ አመድ እየረገፈ ቢያስቸግራት ከሰዓት በኋላ ሰብስባ ታስገባዋለች።

ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት፣ ገበሬው ማሳ ለማስፋት፣ ማር ቆራጩ ንብ ለማባረር የሚለኩሰው እሳት በሌላ ጊዜ ብዙም ሳይርቅ ይከስማል። በዚያ ዓመት ግን ድርቁ ስለጠና የሚያቆመው አልተገኘም። በተለይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ እርጥብ ሳለም ስለሚነድ፣ አንዴ ከተያያዘ እሳት ውስጥ እንደ ወደቀ ጨው ይንጣጣል።

እኔ «እሳት አደጋ» ሲባል የሚታየኝ ቱቦ የተጠቀለለበት ቀይ መኪና ነበር። ወደ ተራራው የወጡት ወታደሮች፣ ተማሪዎችና ገበሬዎች ግን የያዙት ገጀራ፣ አካፋና ለምለም ቅርንጫፍ ነው። ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሙያዎች መጥተዋል፤ ሆኖም መኪና በማይደርስበት ገደል ነበልባሉን በቅርንጫፍ የሚደበድበው ያው የአገሬው ሰው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ በቴሌቪዥን ያየሁትም ያንኑ ቅርንጫፍ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ በረታብኝ።

ጎረቤታችን ከስምንት ቀን በኋላ ሲመለሱ ቅንድባቸው ተለብልቦ አልቋል። የኮንጎ ጫማቸው ሶል ቀልጦ ከካልሲያቸው ጋር ስለተጣበቀ፣ እናቴ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ነክራ በምላጭ ቀስ እያለች ቀደደችው።

«ጠፋ እንዴ ጋሼ?» አለቻቸው።

«የላዩስ ጠፍቶልሻል፤ የታቹ ነው እምቢ ያለን።»

ያልገባኝን ነገር ያስረዱኝ ያኔ ነው። እሳቱ በወፍራሙ የቅጠል ብስባሽና በሥር ውስጥ ለውስጥ እየተጓዘ፣ ጠፋ ተብሎ ሰው ዞር ሲል ከኋላ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ጥቁሩ አፈር እስኪወጣ ድረስ ቦይ መቆፈር ግድ ነው። ይህን ሲናገሩ በጣታቸው መሬቱ ላይ መስመር ያሰምሩ ነበር።

እሳቱን በመጨረሻ የገታው የበልጉ ዝናብ ነው። ዝናቡ ግን ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር፤ ጎረቤታችንም ሁለት ቀን ካረፉ በኋላ ሌላ ኮንጎ ገዝተው፣ እናቴ የቋጠረችላቸውን በሶ ይዘው ተመልሰው ወጡ።