የአእምሮ ጤና ማስተርስ፦ እንዴት ገባሁበት፣ ምንስ አገኘሁበት

«የአእምሮ ጤና ማስተርስ ልማር ወይስ ኤምፒኤች (የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ) ይሻለኛል?» ብለው የሚጠይቁኝ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ብዙ ናቸው። በስልክ እየቆራረጥኩ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብያለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ይህን ተምሮ በዞን ከተማ ሆስፒታል የሚመደብ ሰው ከበላዩ የሚጠይቀው ባለሙያ አይኖረውም። ምርመራውም፣ መድኃኒቱም፣ «ይተኛ ወይስ ይሂድ» የሚለውም በእሱ ጫንቃ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱን ስትመርጡም፣ ስትማሩም፣ ስትመረቁም ይህን አትርሱ።

እኔ በሳይካትሪ ነርስነት ነው የጀመርኩት። መርጬው አልነበረም፤ የደረሰኝ እሱ ነው። ተመርቄ የተመደብኩበት ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል በልብስ ማጠቢያውና በሬሳ ክፍሉ መሀል ነበር። የአገራችንን ሆስፒታሎች ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ከሚመጡት ታካሚዎች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። የቀሩት ለዓመታት ቤት ውስጥ የቆዩ፣ ጸበል ቦታ የከረሙ፣ አንዳንዶቹም እጃቸው ላይ የገመድ ጠባሳ ያለባቸው ናቸው። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ካርድ እንይዛለን፣ መድኃኒት እንቀጥላለን፣ የከበደንን አዲስ አበባ እንልካለን። የላክነው ግን ብዙ ጊዜ አይሄድም። የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውን፣ የአስታማሚውን ወጪ ማን ይችለዋል?

ነርስ ለምን ይህን ሁሉ ይሠራል ለሚል ሰው ነገሩ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር፤ የካናዳ መምህራን እየተመላለሱ ያስተምሩ ነበር። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። ሁሉም ውጭ አገር የተማሩ ናቸው። አማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በሳይካትሪ ማሠልጠን የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስለዚህ ክፍለ ሀገር ያለውን ሕመምተኛ ለረጅም ጊዜ የያዘው ነርስ ነው። ማስተርሱም የመጣው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ጋር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከጀርመኑ የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ክሊኒካልና ማኅበረሰብ ተኮር የአእምሮ ጤና የሚባለውን ፕሮግራም ከፈቱ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለዋል።

መግቢያው ላይ ብዙ አልቆይም። ስፖንሰር የሚሆን መሥሪያ ቤት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የአገልግሎት ግዴታ ውል፣ ፈተና። አሁን ደግሞ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተጨምሯል፤ ቶሎ ተዘጋጁበት። ውሉን ስትፈርሙ ግን የዋሱንና የግዴታውን ዘመን አንቀጽ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ከደስታ ብዛት ሳያነብ ፈርሞ በኋላ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ይልቅ የትምህርት ቦታ ስትመርጡ ምን ልትጠይቁ እንደሚገባ ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ተዉት። «ሕመምተኛ ሳይ አጠገቤ ማን ይቀመጣል? በሳምንት ስንት ጊዜ?» በሉ። የሳይኮፋርማኮሎጂ ስላይድ የትም ይገኛል። ሕመምተኛ ስትጠይቁ እያየ «ይህን ለምን አለፍሽው?» የሚላችሁ ሰው ግን የትም አይገኝም።

እኔን አማኑኤል የነበረው ልምምድ ነው የሠራኝ። ጠዋት ራውንድ ላይ ኬዝ አቀርባለሁ። ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ምልክት፣ የቆይታ ጊዜ፣ ከዚያ ዲያግኖሲሱን በኩራት እናገራለሁ። ያስተማሩን ሐኪም ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው። «ሕመሙ ስድስት ዓመቱ ነው አልሽኝ። ታዲያ ዛሬ ለምን መጣ?» ዝም እላለሁ። ተመልሼ ቤተሰቡን ስጠይቅ ነገሩ ይወጣል። ያስታምም የነበረው ወንድም አረብ አገር ሄዷል። ወይ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፍቷል። ወይ እህቱ ልትዳር ነው፤ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ልጁ መሻል አለበት። ሕክምናውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ይህ መልስ ነው። ዛሬም ካርድ ስከፍት መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።

ሌላው የተማርኩት ስለ ሞት መጠየቅን ነው። እኛ አገር ሰው ፊት ለፊት «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት ይከብዳል። ነርሱም፣ ዶክተሩም ምላሱ ይተሳሰራል። ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበት ይሆን ብሎ የሚፈራም አለ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ይቀለዋል። ከሩቁ ነው የምንጀምረው። «መኖር ያስጠላዎታል?» እንላለን። ቀጥሎ «ሞቴን ባገኘሁት ብለው ያውቃሉ?» ከዚያ በግልጽ፦ «ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል? በምን?» አዎ ካሉ ቤተሰቡን ጠርተን ቤት ያለው የአረም መድኃኒት ዘመድ ጋ ይቀመጥ እንላለን። ኪኒኑንም የወር አንሰጥም፤ የሳምንት እንሰጣለን። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር። ከአፌ የወጣልኝ ግን አጠገቤ የሚያዳምጥ ሰው ተቀምጦ ደጋግሜ ከጠየቅሁ በኋላ ነው።

ቴሲሱ፣ የመመረቂያ ጥናቱ? የጤና ማስተርስ የተማረ ሁሉ 423 የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ይላል። ስርጭቱን ሃምሳ በመቶ ነው ብለህ ገምት፣ የናሙናው ቀመር 384 ሰው ይሰጥሃል፣ መልስ ለማይሰጡ አሥር በመቶ ጨምር፣ 423። የክፍላችን ርዕስ ሁሉ «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ነበር። አልቀልድበትም፤ አገሪቱ መረጃ ያስፈልጋታል። ግን አንድ ምክር አለኝ። አድቫይዘር የሰጣችሁን ርዕስ ከመቀበላችሁ በፊት ከእነማን ጋር ወራት እንደምታሳልፉ አስቡ። እኔ አስታማሚዎችን መረጥኩ። መጠይቁ አልቆ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) ላይ ከገባው ቁጥር ይልቅ መጠይቁን ከዘጋሁ በኋላ የነገሩኝ ነው የጠቀመኝ። እርሻውን ማን እንደሚያርስ፣ ማን ሌሊት እንደሚጠብቅ፣ ጎረቤት ቡና ሲያፈላ ለምን እንደማይጠሩ። አሁን ቀጠሮ ስሰጥ የገበያ ቀን የምመርጠው ከእነሱ ሰምቼ ነው። ለገበያ የመጣ ሰው ለቀጠሮም ይመጣል፤ ለቀጠሮ ብቻ ግን ትራንስፖርት አይከፍልም።

ተመርቄ ስመለስ የጠበቀኝ ነገር ሌላ ነው። መዋቅሩ የት እንደሚያስቀምጠኝ ግራ ገባው። ነርስ ነሽ ይሉኛል፣ ሐኪም የሚሠራውን እሠራለሁ። የደረጃ ዕድገቱ ጉዳይ ከሰው ሀብት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለብዙ ጊዜ አልተነሳም። ታካሚዎቼ ሲሻላቸው «ዶክተር»፣ መድኃኒት ሲጠፋ «ሲስተር» ይሉኛል። ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ከሆነ የሥራ ዝርዝራችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ። ምርመራ፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ አስተኝቶ ማከም፣ ማሠልጠን፣ ሁሉም ይጻፍ። አንድ ቀን ነገር ሲበላሽ በቃል የተነገረ ነገር አያድንም።

ሰው ስለሚያምታታው ሌሎቹንም ልጥቀስ። ሳይካትሪስት ሕክምና ጨርሶ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ምዘናና የንግግር ሕክምና ይሰጣል፤ መድኃኒት አያዝም። ሶሻል ወርከር ቤተሰቡን፣ ቀበሌውን፣ መጠለያውን ያገናኛል። እኛ በመሀል ነን። ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉ። ዞን ላይ ግን ሁሉም በአንድ ሰው ይሠራል፤ ያውም ወረፋ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ።

አንዲት እናት ከገጠር ልጃቸውን ይዘው መጡ። አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዞ ቀርቷል። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ሊናገር ሲል ምላሱ አይታዘዝለትም። «ከራሱ ወርዶ አንገቱ ላይ ሰፈረበት» ይላሉ እናትየው። ጠየቅኳቸው፤ ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ቦታ መርፌ ተወግቷል። ወረቀቱን አየሁት፣ ሃሎፔሪዶል ነው። ፕሮሜታዚን ወጋነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰና ውሃ ጠየቀ። እናትየው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ዋናው ሥራ ግን ገና ነበር። ያን ቀን በደንብ ካላስረዳኋቸው መድኃኒት የሚባል ነገር ዳግም ደጃቸውን አይረግጥም። «እማማ፣ ይሄ ሕመሙ አይደለም፣ የመርፌው ጣጣ ነው። መጠኑን እንቀንሳለን፤ አንገቱን የሚከላከል ኪኒንም አብሮ ይወስዳል» አልኳቸው። «ታዲያ ሲወጉት ለምን አልነገሩኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ መርፌ ከመውጋቴ በፊት አንገት ሊጠመዝዝ እንደሚችል፣ ከሆነም ያኔውኑ እንዲመለሱ ሳልናገር አላልፍም።

የመድኃኒት ዝርዝራችን አጭር ነው። ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲን፣ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል። እነዚህን ጠንቅቆ ማወቅ የውጭውን ረጅም ዝርዝር ከመሸምደድ ይሻላል። አንዱ ሲጠፋ በምን እንደሚተካ፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀየር እወቁ። በተለይ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ መናድ ያመጣል። ስለዚህ ከፋርማሲው ኃላፊ ጋር ወዳጅነት የሙያው አካል ነው። ለወጣት ሴት ደግሞ ቫልፕሮየት ከመጻፋችሁ በፊት ስለ እርግዝና ሳትጠይቁ አትለፉ፤ ጽንሱን ይጎዳል።

ጸበሉን ሳላነሳ ብቀር የአገሬን ሥራ አልተረኩም። ከሆስፒታላችን ብዙም የማይርቅ ጸበል አለ። ታካሚዎቼ እዚያ ሲገቡ መድኃኒት ያቆማሉ፣ ከዚያ ይብስባቸዋል። እየተበሳጨሁ ከመቀመጥ ሄድኩ። ነጠላዬን አደግድጌ አስተዳዳሪውን አባት አነጋገርኳቸው። «አባ፣ እኔ ጸበሉን አልነካም። እርስዎም ኪኒኑን አይንኩብኝ።» ሳቁ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት የተናገሩትን አነሳሁላቸው፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ ብለው ነበር። የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ጸበሉ በባዶ ሆድ ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑን የቻልኩትን ያህል ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ አዛወርኩት። ለጾሙም የሚመች ሆነ። የባሰበት ሰው ሲያዩ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይልካሉ። ከሁሉም ጸበል ጋር እንዲህ ይሳካል አልልም። አንዱ ጋ ከደጅ ነው የመለሱኝ።

አሁን የሥራዬ ትልቁ ክፍል ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የሚባል መመሪያ አለው፤ ሳይካትሪ ያልተማረ ነርስና ጤና መኮንን ጤና ጣቢያ ላይ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታን፣ ስኪዞፍሬኒያን እንዲያክም ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት፤ ጉራጌ ውስጥ ሶዶ ወረዳ ላይ ለዓመታት ተሠርቶበታል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ሥልጠናው ብቻውን አይሠራም። አምስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ የሄደ ሰው ከወር በኋላ ሁሉንም ሕመምተኛ ወደ እኔ ይልከዋል። የሚሠራው ከሥልጠናው በኋላ ወርጄ አብሬው ሳይ፣ በመሀልም ሲደውልልኝ ሳነሳ ነው። ማታ ማታ ስልኬ አያርፍም። ባሌ ለምዶታል፤ አለመደም ብል ይሻላል።

ለእኔስ ማን አለኝ? የክፍል ጓደኞቼ። ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ስም ሳንጠራ የከበደንን ኬዝ እናነሳለን። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዱ አሶሳ ነው። ከዲፕሎማው ይልቅ ይህ ግሩፕ ጠቅሞኛል። ስትማሩ ከክፍል ልጆች ጋር አትጣሉ።

ውጭ ስላላችሁ ደግሞ። አሜሪካ ያሉ ነርሶች «በኢትዮጵያው ማስተርስ ሳይካትሪ ነርስ ፕራክቲሽነር መሆን ይቻላል?» ይሉኛል፤ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ ማለታቸው ነው። በቀጥታ አይሆንም። መጀመሪያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈተና አልፎ የነርስ ፈቃድ ማውጣት፣ ቀጥሎ እዚያው በሙያው ማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ መማር፣ ከዚያ የብቃት ፈተናውን መውሰድ ይጠይቃል። በአማርኛ የሚያክም ባለሙያ ግን እዚያም ይፈለጋል።

ፒኤችዲውን በተመለከተ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂ (የሕመም ስርጭት ጥናት) ይሰጣል። ጥናት ለሚወድ ጥሩ ነው። እኔ ለጊዜው አላመለክትም። አብሮኝ የሚሠራው ነርስ ዘንድሮ ማስተርስ ገብቷል፤ እሱ እስኪመለስ ክሊኒኩን የምረከብለት እኔ ነኝ። ለመግቢያ ፈተናው የተዘጋጀባቸውን ወረቀቶች ትቶልኛል። የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።