የሚሸነፍ እጩ ገንዘብ ያዥ

በ2024ቱ ምርጫ ለሚኒሶታ ስቴት ምክር ቤት የተወዳደሩ የአንዲት ሴትዮ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሴትዮዋ ዴሞክራት ናቸው። የምንኖረው ደግሞ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ዓይን እስኪታክት የተዘረጋበት፣ ሪፐብሊካኖች ብዙም ሳይቀሰቅሱ የሚያሸንፉበት ገጠር። እንደምንሸነፍ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት አስተናጋጅ ሳትቀር ታውቃለች። ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ ብሎ ያልጠየቀኝ ሐበሻ የለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ጀመረችኝ። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው ስልህ አልነበር?» እሷ ምርጫ ሲባል ትዝ የሚላት በእኛ አቆጣጠር 1997 ነው። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ተስፋ፣ ከዚያ በሰኔ፣ ደግሞ በጥቅምት የተተኮሰው ጥይት። ሰፈራችን ውስጥ ልጅ ያልታፈሰበት ቤት ጥቂት ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ተሸንፈሽ ምንም አትሆኚም» አልኳት።

«ምንም ካልሆናችሁ፣ ምንም ካላገኛችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ እዚያ?»

መልስ አልነበረኝም። የገባሁበት ምክንያት እንደ እውነቱ ከሆነ ይሉኝታ ነው። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ነርስ ናቸው። ልጆቼ ሲታመሙ ጉንፋኑንም ትኩሳቱንም የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ባለቤቴ «እማማ» ነው የምትላቸው፤ ትርጉሙን ከነገረቻቸው ወዲህ ሌላ ስም ስትጠራቸው ይከፋቸዋል። በሚኒሶታ ሕግ የእጩ የቅስቀሳ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ያስፈልገዋል። እኔ የምተዳደረው የሰው ሒሳብ በመያዝና ታክስ በመሙላት ነው። እሳቸው አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው ቁጭ ሲሉ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

የፓርቲው ነገር ራሱ አስገራሚ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ዴሞክራቶች ሙሉ ስማቸው የዴሞክራቶች፣ የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ ነው። በ1944 ዴሞክራቶቹና የገበሬ–ሠራተኛ ፓርቲ የሚባለው ሲዋሃዱ የመጣ ስም ነው። ገበሬው ዛሬ ያለው በስሙ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1933፣ በዚያ የችግር ዘመን፣ የገበሬ–ሠራተኛ ፓርቲው ገዥ ፍሎይድ ኦልሰን ባንኮች የገበሬ መሬት በሐራጅ እንዳይሸጡ አስቆመ። ሕግም ወጣ። በዓመቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይቀር ሕጉን አጸናው። አንድ ሽማግሌ በራቸው ላይ አቁመውን ይህንኑ ታሪክ ነገሩን። የአያታቸው መሬት የተረፈው በዚያ ሕግ ነው። ተርከው ሲጨርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ለእናንተ ግን ድምፄን አልሰጥም» አሉ። በትህትና ነው የተናገሩት። ውሃም አጠጡን።

ለውጡ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። ዴሞክራቱ ኮሊን ፒተርሰን ምዕራብ ሚኒሶታን ወክሎ 30 ዓመት ዋሽንግተን ኮንግረስ ውስጥ ተቀምጧል፤ የእርሻ ኮሚቴውን ሊቀ መንበርነት ይዞ ሳለ ነው በ2020 የተሸነፈው። ሚኒሶታ 87 ካውንቲ አላት፤ ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው። በ2020 ባይደን ስቴቱን ሲያሸንፍ ያገኘው 13ቱን ብቻ ነው። በ2024 ሃሪስ ስቴቱን አሸንፋ ያገኘችው ካውንቲ 9 ነው። ያውም ምክትሏ የስቴቱ ገዥ ቲም ዋልዝ ሆኖ። ዋልዝ አስተማሪ የነበረባት ማንካቶ ያለችበት ካውንቲ እንኳ ወደ ትራምፕ ሄደ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ያለው ሕዝብ ነው ሚዛኑን የሚደፋው። እኛ ጋ ያለ ዴሞክራት በስቴት ደረጃ አሸናፊ፣ በሰፈሩ ተሸናፊ ነው። ግራ የሚያጋባ ኑሮ ነው።

ፓርቲው ለእኛ ገንዘብ አልሰጠንም። አልፈርድበትም። ገንዘቡ የሚሄደው ፉክክሩ ወደተቀራረበበት ነው። በዚያ ዓመት የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት 67 ለ67 ነው የወጣው። ሻኮፒ በምትባል ከተማ አንዱን ወንበር የወሰነው ከ20 የማይሞላ ድምፅ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ እኛን ማን ያስታውሳል?

ስለዚህ የለመንነው ከሰው ነው። ሚኒሶታ በዚያን ጊዜ ጥሩ ነገር ነበራት፦ አንድ ሰው ለስቴት እጩ የሰጠውን እስከ 75 ዶላር ድረስ ስቴቱ መልሶ ይከፍለዋል፣ እጩው የወጪ ጣሪያውን ለማክበር ከፈረመ። ደረሰኝ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ይህንን ለሐበሻ ወዳጆቼ ሳስረዳ ያየሁት ጥርጣሬ! «ሰጥቼ መንግሥት ይመልስልኛል? ይሄ ነገር ፒራሚድ እንዳይሆን።» አንዱ ደረሰኙን ወደ ብርሃን አንስቶ ሁሉ አየው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም መስጠት ይችላል። ሥጋ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት እህትማማቾች ከሌሊት ሽፍት ወጥተው፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ ቀልቶ፣ ሃያ ሃያ ዶላር አምጥተው ሰጡኝ። ነርሷ የአንዷን ልጅ ያውቁታል። ጉዳዩ ከፖለቲካ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ሁሉም ሐበሻ ከእኛ ጋር ነበር ብዬ እንዳልዋሽ። ቤተ ክርስቲያን አብረን የምንቀድስ አንድ ዲያቆን «ወንድሜ፣ በምሳና በሐኪም ቤቱ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ በሃይማኖት ጉዳይ ግን ከእነሱ ጋር ነኝ» አለኝ። ምሳ ያለው በ2023 የወጣውን ሕግ ነው፣ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ቤት በነፃ እንዲበላ የሚያደርገውን። ሚዛኑን እሱ ራሱ መዝኖ ሄደ። አልተከራከርኩትም።

አሁን ወደ መዝገቤ ልምጣ፤ ይህን ማስታወሻ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ስሙን ካልነገረኝ ሰው ከ20 ዶላር በላይ መቀበል አልችልም። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ደግሞ ስሙ፣ አድራሻውና መሥሪያ ቤቱ በሪፖርቱ ላይ ይወጣል፤ ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። እኔ ይህንን ተራ የሒሳብ ደንብ አድርጌ ነበር ያየሁት። የሰዉን ፊት ሳይ ነው ሌላ ነገር መሆኑ የገባኝ።

አንድ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሰጠናል። ድምሩ 200 ሲሞላ ነገርኩት። «ከዚህ ካለፈ ስምህ ይወጣል።» በእጁ የያዘውን 20 ዶላር መልሶ ኪሱ ከተተ። «ደንበኞቼ…» አለና ዝም አለ። መዝገቡን ስመለከት እንደሱ 200 ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ሌሎችም አሉ። አንድ ሰው ደግሞ ስም የሌለበት ፖስታ በበሬ ስር አሹልኮ ሄዷል። ውስጡ ድፍን 50 ዶላር። ደንቡ ለምርጫ ገንዘብ ተቆጣጣሪው ቦርድ ላክ ስለሚል ላክሁት፤ ወደ ስቴቱ ካዝና ይገባል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለፍቶ ያገኘው ብር እኛ ጋ ሳይደርስ መቅረቱ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ፍርሃት አውቃለሁ ብዬ ነበር። እኛ አገር የምንፈራው ቀበሌውን፣ ካድሬውን፣ በር የሚያንኳኳውን ነው። እዚህ ማንም በር አያንኳኳም። የሚፈራው ጎረቤት ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብህ የሚቀመጠው፣ ልጅህን ቤዝቦል የሚያሠለጥነው። ማንም አይነካህም። ዝም ብለው አይደውሉልህም፤ የበረዶ መጥረጊያ ማሽንህ ሲበላሽ የሚመጣው ሰው ያንን ሳምንት ሥራ ይበዛበታል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በመዝገቤ ውስጥ አንድ የጠጠር መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። ሁለቱም ሰጥተዋል፣ ሁለቱም ከ200 በታች። ሁለቱም ለየብቻ «በእኛ መንገድ ላይ እንደኛ የሚያስብ ሰው የለም» ብለውኛል። እኔ መሀል ቆሜ አውቃለሁ፣ መናገር ግን አልችልም። የሰው ሒሳብ የሚይዝ ሰው ሆዱ ሰፊ መሆን አለበት። ግን እንዴት አፌን እንዳሳከከኝ!

ነሐሴ ላይ እማማ እርሻቸው ላይ ማታ ድግስ ቢጤ አዘጋጁ። የበቆሎ እሸት፣ ሆት ዶግ፣ ባለቤቴ ደግሞ ሳምቡሳ። ፖስተር አይለጠፍ፣ ፎቶ አይነሳ ተባለ፤ ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ሕዝባቸውን ያውቃሉ። መኪና መንገድ ዳር እንዳይታይ ከጎተራው ጀርባ ነበር የሚቆመው። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጎተራውን ዞረው ብቅ ሲሉ፣ እዚያ ቀድሞ የቆመውን ሰው ያዩና ይደነግጣሉ። ከዚያ ሳቅ። ከጠጠሩ መንገድ ማዶ ለማዶ ያሉት ሁለቱ ባሎች ሲተያዩ አንደኛው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ቀረ። «አንተም?» አለ። ሌላኛው «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። ሚስቶቻቸው ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ሳምቡሳ የማድል መስዬ ዞር አልኩ።

ቅስቀሳው ራሱ ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የየከተማውን የበዓል ሰልፍ ተከትሎ መሄድ፣ ከረሜላ መወርወር (ልጆች ከየትኛውም ፓርቲ ይለቅማሉ፣ አድልዎ የላቸውም)፣ የካውንቲ ፌር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ መቀመጥ። ሣር ላይ የሚተከሉት ሰሌዳዎች ማን እንደከፈለባቸው የሚናገር ጽሑፍ ግዴታቸው ነው፤ ቁጥራቸው እየቀነሰ ሲሄድ ሰዉ ሌባ ነው አለ፣ እኔ ግን ግማሹን ነፋሱ እንደወሰደው እገምታለሁ። እዚህ አገር ነፋሱም ሪፐብሊካን ነው።

አንድ የክርክር መድረክ ነበር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ስለ አምቡላንስ ተጠየቀ። እኛ ጋ ብዙው አምቡላንስ የሚሄደው በበጎ ፈቃደኛ ነው፤ ፈቃደኞቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ነርሷ ሌሊት ደውሎ ሰዓታት የጠበቀ ቤተሰብ ታሪክ አነሱ። ተቀናቃኛቸው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ገበሬ፣ ዝግጅት አልነበረውም። ትንሽ አሰበና የስቴቱ ገንዘብ ለገጠር አምቡላንስ መጨመር እንዳለበት እስማማለሁ አለ። በሰው ፊት ነው ያለው። የአካባቢው ጋዜጣም ጻፈው። ተቀናቃኝ ባይኖር መድረኩም አይኖርም፣ ጥያቄውም አይነሳም። እናቴ ይህን ብነግራት «እሱን በደብዳቤ መጠየቅ አይቻልም ነበር?» ትላለች። ይቻላል። መልስ ግን አይመጣም።

ነርሷ ሌላ የሚመኩበት ስሌት ነበራቸው። በ2008 የሚኒሶታው ዴሞክራት አል ፍራንከን የሴኔት ወንበር ያሸነፈው በ312 ድምፅ ነው፣ ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ። «ከመቶ ሠላሳ አግኝቶ መሸነፍና ሠላሳ አምስት አግኝቶ መሸነፍ ለእኔ አንድ ነው። ለስቴቱ ግን አንድ አይደለም» ይሉ ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔን ግን የያዘኝ እሱ አልነበረም።

በምርጫው ማታ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ውጤቱን ጠበቅን። ጥበቃውም ረጅም አልነበረም። ከሦስት መራጭ ሁለቱ ለገበሬው ሰጥቷል። እማማ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሉት፤ ስለ ባለቤታቸው ጉልበት ሕመም ጠየቃቸው፣ ስለ አኩሪ አተሩ ምርት አወሩ። ስልኩን ሲዘጉ «አምቡላንሱን አስታውሼዋለሁ» አሉን። ለእናቴ በማግስቱ ነገርኳት። «ተሸንፋችሁ ደውላችሁ ተጨዋወታችሁ?» አለች። ሁለት ሦስቴ ደጋገመችው። ከዚያ ወሬውን ቀይራ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አነሳች።

የዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት እስከ ጥር 31 መግባት ስላለበት ገና እንዳለፈ መዝገቡን ዘረገፍኩ። የተረፈችው ገንዘብ ትንሽ ናት። የቅስቀሳ ኮሚቴውን ለመዝጋት እሷን ለአንድ ነገር አውሎ ማመልከት ነው። ለእማማ ልዝጋው ወይ አልኳቸው። «ቆይ» አሉ። እሳቸው ዳግም አይወዳደሩም፣ ጉልበትም የላቸውም፤ ግን ቆይ አሉ።

የነሐሴው ቡድን አሁንም በወር አንዴ ይገናኛል። መኪናቸውን ከጎተራው ጀርባ የሚያቆሙም አሉ፣ መንገድ ዳር የሚያቆሙም አሉ። በቀደም ባለ ሱቁ፣ ያ 20 ዶላሩን ኪሱ የከተተው፣ ቢሮዬ መጣ። ታክስ ሊያሠራ ነው ብዬ ፋይሉን ሳወጣ፣ አንድ ሰው እጩ ሆኖ ለመመዝገብ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱን ተወውና መጀመሪያ ቅጹን አሳየኝ» አለ።