ያሸነፈው ፈረስ ድካም

ሰሞኑን ማታ ማታ የድሮ የእንግሊዝ ፈረሶችን ሥዕል ሳይ ነው የማመሸው። በተለይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ጆን ፍሬድሪክ ሄሪንግ ይዞኛል። ሰውዬው ሥዕልን ሥራዬ ብሎ ከመያዙ በፊት የመንገደኞች ሰረገላ ነጂ ነበር። በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ዶንካስተር ላይ የሚካሄደውን የሴንት ሌጀር የፈረስ ውድድር አሸናፊዎች ለ33 ዓመት ሳያቋርጥ ሣለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የ1825ቱ አሸናፊ ሜምኖን ይባላል። በግሪኮች አፈ ታሪክ ለትሮይ ሊዋጋ የሄደው የኢትዮጵያ ንጉሥ ስም ነው፤ ደስ አለኝ መቼም። ፈረሱ ያምራል። ግን ሮጦ የመጣ አይመስልም። ባለቤቶች ከፍለው የሚያሠሩት ይህንኑ ነበር፤ ሳሎን የሚሰቀል ድል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ትንሽ ቀደም ብሎ በ1800 የተሣለው፣ ጆርጅ ስተብስ የሚባል ሌላ ሠዓሊ ሃምብልቶኒያን የተባለውን ፈረስ የሣለበት ሥዕል ነው።

በማርች 1799 ሃምብልቶኒያንና ዳይመንድ የተባለ ሌላ ፈረስ እንግሊዝ ውስጥ ኒውማርኬት ላይ ሁለቱ ብቻ ተወዳደሩ። መያዣው 3,000 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው)፣ ርቀቱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ። ሃምብልቶኒያን አንድ አንገት እንኳ በማይሞላ ልዩነት አሸነፈ። ሁለቱም ፈረሶች በጅራፍና በጋላቢዎቹ የተረከዝ ብረት ክፉኛ ተጎድተው ነበር።

የሃምብልቶኒያን ባለቤት ሰር ሄንሪ ቬን ቴምፕስት ስተብስን ሥዕል አዘዘ። ሸራው ላይ የምናየው ሩጫው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሏል፣ አፉን ከፍቷል። አንድ ሰው ልጓሙን ይዞታል። አንድ ልጅ በጨርቅ ያሸዋል፣ ክንዱን ፈረሱ ላይ ጣል አድርጓል። ሁለቱም እኛን ነው የሚያዩት። ባለቤቱ የለም፣ ጋላቢው የለም፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለም።

ደጋግሜ የማየው እግሮቹን ነው። በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ መሬት ረግጠዋል፣ የሌላው ጎን ሁለቱ ተነስተዋል። እንዲህ የሚቆም ፈረስ የለም፤ ይወድቃል። ስተብስ ደግሞ ይህን የሚስት ሰው አይደለም። ሊንከንሽር ውስጥ ቤት ይዞ የሞቱ ፈረሶችን ጡንቻ በጡንቻ እየገፈፈ አጥንቷል፤ በ1766 የፈረስን የሰውነት አሠራር በመጽሐፍ አሳትሟል። አውቆ ነው ያደረገው ባይ ነኝ። ፈረሱ ሊወድቅ ነው፤ ደግፎ ያቆመው የልጁ ክንድ ነው።

ይህን ሥዕል ሳሎን ሰቅሎ እንግዳ መቀበል ለየትኛውም ባለቤት ቀላል አይመስለኝም። ሰር ሄንሪም አልከፍልም አለ። ስተብስ 75 ዓመት ካለፈው በኋላ ፍርድ ቤት ገተረው፤ 300 ጊኒውም ተፈረደለት። እሰይ!

ፈረሱ እስከ 1818 ኖሯል። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ሥዕሉ አሁን ሰሜን አየርላንድ፣ ማውንት ስቱዋርት የሚባል ቤት ውስጥ ነው። ወርዱ ከ3 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ስልኬ ላይ በጣቴ እያሰፋሁ የማየው ልጅ እዚያ ለሰው ቁመት በሚቀርብ መጠን ቆሟል ማለት ነው። አንድ ቀን ሄጄ ፊት ለፊቱ መቆም እፈልጋለሁ።