ወንዙን ያገኘ፣ ተራራውን የሳተ ስሌት

አመዳይ (ከሰማይ የሚወርድ ለስላሳ በረዶ) እና ግግር በረዶ የሚመግቡትን ወንዝ የወደፊት ፍሰት ሊያሰላ የተነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያነበው እወዳለሁ። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ተፋሰሱ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 100ው ግግር በረዶ ነው። በየ200 ሜትሩ ከፍታ ከፋፈልኩት፤ ሙቀቱን በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀነስኩ። መቅለጡን በዲግሪ-ቀን አሰላሁ፦ ከዜሮ በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዲግሪ፣ በቀን ከአመዳይ 4፣ ከግግር 7 ሚሊ ሜትር ውሃ። ግግሩ የሚበልጠው ጠቆር ስለሚልና የፀሐይ ብርሃንን አብልጦ ስለሚውጥ ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

ነገሩ የተበላሸው በዝናብና በአመዳይ መጠን መረጃው ነው። ነፋስ አመዳዩን በመለኪያው አፍ ላይ አሳልፎ ይወስደዋል፤ በሰከንድ 5 ሜትር በሚነፍስበት ቦታ መከለያ የሌለው መለኪያ ከወረደው ግማሹን እንኳ ላይዝ ይችላል። ጣቢያዎቹም ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛው አመዳይ የሚወርደው ግን ከላይ ነው። መረጃውን የሰጠኝ ቢሮ መለኪያው መከለያ ይኑረው አይኑረው፣ እርማት ይደረግበት አይደረግበት አንድ ቃል አልጻፈም፤ «ጥራቱ የተረጋገጠ» ብሎ ብቻ ላከው። አሁንም ያናድደኛል። ሳልጠይቅ መቀበሌ ደግሞ ይበልጥ ይቆጨኛል።

ከመረጃው የጎደለው አመዳይ በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ውሃ ነበር። ትንሽ ይመስላል። በተፋሰሱ ስፋት ሲባዛ ግን 150 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እኔም መመሪያዎቹ እንደሚሉት ሞዴሉን (የስሌት ፕሮግራሙን) በወንዙ ፍሰት ብቻ አስተካከልኩ፤ ማለትም የሚያወጣው ፍሰት ከተለካው እስኪገጥም ቁጥሮቹን ቀያየርኩ። ፕሮግራሙ የጎደለውን ውሃ ከግግሩ ክምችት አወጣው፦ 150 ሚሊዮን ለ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል፣ በየዓመቱ ከእውነቱ በላይ 1.5 ሜትር ውሃ። በግግሩ ላይ የዓመቱ ድምር ሙቀት 500 ዲግሪ-ቀን ያህል ስለነበር፣ 7 የነበረው ቁጥር ወደ 10 ተጠጋ። የናሽ-ሰትክሊፍ ውጤቴ (የሞዴሉ ፍሰት ከተለካው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳይ፣ 1 ሲሆን ፍጹም የሚባል ነጥብ) 0.91 ደረሰ፤ ኮራሁበት። የወንዝ መለኪያ ግን የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ ውሃው ከአመዳይ ይምጣ ከግግር አይለይም።

ለዛሬው ወንዝ ስህተቱ አይታወቅም፤ ለነገው ግን አደገኛ ነው። ሞዴሉ ግግሩን ያለጊዜው ይጨርሰዋል፤ ከአመዳይ መምጣት የነበረበትንም ውሃ አብሮ ያጠፋዋል። በዚህ ስሌት ግድብ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሌለ ትርፍ፣ ቀጥሎ የሌለ ድርቅ ያያል።

ስህተቱን ያጋለጠው የግግሩ ከፍታ ነው። በአስር ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሁለት የሳተላይት የከፍታ ካርታዎችን ሳቀናንስ ግግሩ በዓመት 0.6 ሜትር ዝቅ ብሏል። በሜትር ኩብ 850 ኪሎ ግራም ሲታሰብ 510 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው። የእኔ ሞዴል 2 ሜትር ያህል ይል ነበር።

ስለዚህ መመሪያው የሚያስቀድመውን ፍሰት የመጨረሻ አድርጉት። በመጀመሪያ የአመዳዩን መጠን አርሙ፦ በክረምቱ (በቀዝቃዛው ወቅት) መጨረሻ ጥልቀቱን ለኩ፣ በቱቦ ቆርጣችሁ መዝኑ። 1.2 ሜትር ጥልቀት፣ በሜትር ኩብ 350 ኪሎ ግራም እፍጋት ሲኖረው፣ 420 ሚሊ ሜትር ውሃ ይሰጣል። እፍጋቱን ዓመቱን ሙሉ አንድ አታድርጉት፤ አዲስ አመዳይ 100 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች፣ የጸደዩ ደግሞ ከ400 በላይ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አመዳዩ በየከፍታው የሚያልቅበትን ቀን ሞዲስ ከተባለው የሳተላይት ካሜራ ምስሎች አንብቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በ500 ሜትር ጥራት አሉ። የአመዳዩን የቅልጠት ቁጥር እሱ ይወስናል፤ የግግሩን ደግሞ የከፍታው ለውጥ። የእኔ ውጤት ከ0.91 ወደ 0.86 ወረደ። ያለማመንታት ዝቅተኛውን እመርጣለሁ።

የግግሩን ስፋት በየዓመቱ ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ውሃው እየጨመረ ይሄዳል፤ እውነተኛው ግግር ግን ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ ግግር ካለባቸው 56 ትልልቅ ተፋሰሶች ግማሽ ያህሉ ያን ጫፍ አልፈውታል።

ውጤቱን በዓመት ድምር አታቅርቡ። አመዳዩ ቀድሞ ሲቀልጥ የጸደዩ ሙላት ቀድሞ ይመጣል፤ ሰብል ውሃ በሚፈልግበት በበጋው (በሞቃቱ ወቅት) መጨረሻ ወንዙ ይጎድላል። የዓመቱ ድምር ግን ምንም ያልተለወጠ ሊመስል ይችላል። በወር፣ ከተቻለም በሳምንት ከፍላችሁ አሳዩት።