ሄኖክን ማን ደበቀው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የስለላ ልብ ወለድ ይዤ ሌሊቱን አነጋሁት። አንድ ጥንታዊ ብራና ከገዳም ይጠፋል። ሰላዩ ብራናውን ፍለጋ ይወጣል። ቀለበት ያጠለቁ የምስጢር ማኅበር ሰዎች ደግሞ ሰላዩን ያሳድዱታል። እንዲህ ያለ ታሪክ ነፍሴ ነው፤ አንዴ ካነሳሁት አላስቀምጠውም።

ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። መጽሐፉ የግድ ምድር ቤት ተቆልፎበት መገኘት አለበት። ነገሩ መጽሐፈ ሄኖክ ከሆነማ ይባስ፤ «ለዘመናት ተደብቆ የኖረው» ይሉታል።

ማን ደበቀው?

የእናቴ አጎት መሪጌታ ነበሩ። ሄኖካቸው በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳው ላይ፣ ከጭራቸው አጠገብ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ልጅ እያለሁ አንድ ቀን አውርደው አሳዩኝ። ብራናው ጭስ ጭስ ይሸታል። ዳር ዳሩን በወስፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው የተሰመረው መስመር ጣቴን ሳሳርፍበት ይታወቀኛል። አንዱ ቅጠል ተቀዶ በጅማት ተሰፍቷል። መጀመሪያው በቀይ ቀለም ነው፦ «ቃለ በረከት ዘሄኖክ»።

«ምስጢር ነው?» አልኳቸው።

«ምን ምስጢር አለው ልጄ! ግዕዙን ተማሪና አንብቢው» አሉኝ።

እውነት ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ስታነበው ኖራለች። መጽሐፉን አጥቶ መከራውን ያየው አውሮፓ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፔይሬስክ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ሄኖክ ግብፅ ውስጥ እንደታየ ከአንድ መነኩሴ ሰማ። ሰው ላከ፤ ገንዘብ አፈሰሰ። መጽሐፉም ተገዛ። በ1683 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ጀርመናዊው የግዕዝ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ፓሪስ ላይ ገልጦ ሲያየው ግን ሄኖክ አይደለም። መጽሐፈ ምስጢረ ሰማይ ወምድር ነው! ያን ሁሉ ዓመት የተሳሳተ መጽሐፍ ይዘው ነበር። ይህን ቦታ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይመታል።

ሉዶልፍ እንዴት ለየው? መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ናቸዋ! የመካነ ሥላሴው፣ የአማራው ሰው። በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄዱ።

እውነተኛውን ሄኖክ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ቆይቶ በ1773 አውሮፓ አደረሰው። ብሩስ ፍሪሜሶን የሚባለው የምስጢር ማኅበር አባል ስለነበር የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ይወዱታል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንዱ ቅጂ ፓሪስ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው ግን በ1821 ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ! ተደብቆ ነበር ከተባለ፣ እዚያ ነው የተደበቀው።

እኔ ብጽፍ ከጎታው ቤተ መንግሥት እጀምር ነበር። ብርድ ነው። አንድ መነኩሴና አንድ ጀርመናዊ ወጣት ጠረጴዛ ይዘው ስለ አንዲት የአማርኛ ቃል ይከራከራሉ። መጨረሻው ያሳዝናል፤ አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

እሳቸውን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ ልብ ወለድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ዛሬውኑ እገዛዋለሁ።