አሳድሮ የሚጽፍ ደራሲ

አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቴድ ቺያንግ ከ30 ዓመት በላይ በዘለቀው የደራሲነት ሕይወቱ ያወጣቸው የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች ሁለት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ2002 የወጣ ሲሆን 8 ታሪኮችን ይዟል፤ ሁለተኛው በ2019 ታትሞ 9 ታሪኮች አሉት። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ረጅም ልብ ወለድ አልጻፈም። የምተዳደረው የሌሎችን ረቂቅ በማረም በመሆኑ በየወሩ ብዙ ታሪክ በእጄ ያልፋል፤ አብዛኛው ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ሳይበስል የወጣ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ሰው ሥራ ደጋግሜ የምመለሰው የሳይንስ ልብ ወለድ ስለምወድ ብቻ አይደለም። አንድ ጥያቄ ለዓመታት በአእምሮው ሲያድር ምን እንደሚሆን፣ በምን ቀን ታሪክ ለመሆን እንደሚበቃ ከእርሱ የተሻለ ያሳየኝ ደራሲ ስለሌለ ነው።

የተወለደው በ1967 በኒው ዮርክ ግዛት ፖርት ጀፈርሰን በምትባል ከተማ ነው። ወላጆቹ ቻይና ተወልደው ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ታይዋን የተሻገሩ፣ ኋላም ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው፤ አባቱ የምህንድስና ፕሮፌሰር ናቸው። በጉርምስናው ያነበበው የታወቁትን የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን አይዛክ አሲሞቭንና አርተር ክላርክን ነበር። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የወረሰው ነገር በግልጽ ይታየኛል፤ አንድን ግምት ከተቀበሉ በኋላ ሕጉን ሳያፈርሱ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ሆኖም በእነርሱ ታሪኮች ውስጥ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ተሸክመው የሚያልፉ ተሸካሚዎች ናቸው። ከፍ ካለ በኋላ የወደዳቸው ጂን ዎልፍና ጆን ክራውሊ ግን ለዓረፍተ ነገርና ለትዝታ የሚጨነቁ ደራስያን ናቸው፤ የቺያንግ ታሪኮች ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ይመስሉኛል። ከብራውን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀው በ1989 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ክላሪዮን በሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ዐውደ ጥናት ተሳተፈ።

በቀጣዩ ዓመት ‹ኦምኒ› በተባለው መጽሔት ላይ «የባቢሎን ግንብ» ታተመለት። መነሻው አንድ ጓደኛው የነገረው ነው። ጓደኛው በልጅነቱ በአይሁዶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት የተማረው የባቢሎን ግንብ ታሪክ እኛ ከኦሪት ዘፍጥረት ከምናውቀው አጭር ምዕራፍ የሰፋ ነበር፤ ግንቡ ለመውጣት ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ ሰው ወድቆ ሲሞት የሚያለቅስለት የለም፣ ጡብ ሲወድቅ ግን የሚተካው ከዓመት በኋላ ነውና ግንበኞቹ ያለቅሳሉ ይላል። ቺያንግ ከዚህ ተነስቶ ሰማይ በእርግጥ ድንጋይ የሆነበትን፣ ግንቡም ጫፉ የደረሰበትን ዓለም ሠራ። ኤላም ከተባለው ጥንታዊ አገር የመጡ ማዕድን ቆፋሪዎች የሰማዩን ድንጋይ እንዲሰብሩ ተጠርተው ለወራት ጋሪ እየጎተቱ ሲወጡ እናያለን። በግንቡ ወገብ ላይ ሰዎች ይኖራሉ፤ አትክልት ያበቅላሉ፣ ይጋባሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። እንደ ሳይንስ ልብ ወለድ ያልተለመደው ነገር ሳይንሱ የእኛ አለመሆኑ ነው፤ የጥንት ሰዎች እንደሚያምኑት ያለ ዓለም ተሰጥቶት፣ በዚያ ዓለም ውስጥ እንደ መሐንዲስ ያስባል። በዚህ የመጀመሪያ ታሪኩ ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኔቡላን ሽልማት ሲያገኝ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

አንድ ወጣት እንዲህ ባለ በር ሲገባ ሁሉም ቶሎ ቶሎ እንዲጽፍ ይጠብቃል። እርሱ በ1991 ሁለት ታሪኮችን ካወጣ በኋላ እስከ 1998 ድረስ ምንም አላሳተመም። ለእንጀራው በሶፍትዌር ዘርፍ የቴክኒክ ጸሐፊ ሆኖ ነበር የሚሠራው፤ መኖሪያው በሲያትል አቅራቢያ ነው። የቴክኒክ ጸሐፊ ማለት አንድን ውስብስብ ፕሮግራም ለማያውቀው ሰው በቅደም ተከተል፣ ያለ ጌጥ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። ይህ ሥራ ጊዜውን እንደወሰደበት ሊቆጠር ይችላል፤ እኔ ግን ከመጻሕፍቱ ባልተናነሰ የቀረጸው ይህ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የቺያንግ ዓረፍተ ነገር አይጮኽም። ከባድ ነገር ሲያስረዳ አንባቢውን አይንቅም፣ አያስቸኩልም፤ ሐዘን ሲገልጽም በዚያው ድምፅ ነው። በመጽሐፍ ኑሮውን መደገፍ ባለመገደዱም ሐሳቡ ሳይደርስ ወደ ገበያ የሚያወጣበት ምክንያት አልነበረውም።

በ1998 የወጣው «የሕይወትሽ ታሪክ» የዚህ ሁሉ ዝምታ ፍሬ ነው። አንደኛው ምንጩ የፊዚክስ መርሕ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፌርማ እንዳስቀመጠው፣ ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ የሚታጠፈው ከመነሻው እስከ መድረሻው በጣም አጭር ጊዜ የሚወስደውን መንገድ ስለሚከተል ነው። ከጠጠር መንገድ ዳር ቆሞ በጭቃ ማሳ ማዶ ያለ ቤት ለመድረስ የሚፈልግ ሰውን እናስብ። በቀጥታ ቢሄድ ጭቃው ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ በደረቁ መንገድ ጥቂት ራቅ ብሎ ይሄድና ጭቃውን በአጭሩ ይሻገራል። ሰውየው ይህን የሚያደርገው የሚሄድበትን ቤት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ብርሃንስ? መድረሻውን ሳያውቅ የትኛው መንገድ እንደሚፈጥን በምን ይለያል? የፊዚክስ ሊቃውንት ያንኑ ክስተት በምክንያትና ውጤት ቅደም ተከተልም ያስረዱታል፤ ሁለቱም ስሌቶች አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ቺያንግን የያዘው ይህ ነው፦ አንዱን ዓለም በፊትና በኋላ ተራ ማንበብ ይቻላል፣ መጨረሻውን ይዞ በአንድ ጊዜም ማንበብ ይቻላል።

ይህ ግን ገና ታሪክ አልነበረም። ታሪክ የሆነው ፖል ሊንክ የተባለ ተዋናይ ሚስቱ በጡት ካንሰር ስትሞት ስላለፈበት ጊዜ ብቻውን መድረክ ላይ የሚተርክበትን ትርኢት ካየ በኋላ ነው። ሊቀር የማይችልን ነገር ሰው እንዴት ይቀበለዋል የሚለው ጥያቄ ከብርሃኑ ጥያቄ ጋር ተገናኘ። ከዚያም የቋንቋ ጥናት ማንበብ ነበረበት፤ ምክንያቱም የመረጣት ገጸ ባሕርይ ሉዊዝ ባንክስ ከሌላ ዓለም የመጡ ባለ ሰባት እግር ፍጡራንን ቋንቋ እንድታጠና የተጠራች የሥነ ልሳን ምሁር ናት። የፍጡራኑ ጽሕፈት መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ የመጀመሪያው ጭረት ሲሰመር መላው ዐረፍተ ነገር ታውቆ ያለቀ ነው። ሉዊዝ ያን ጽሕፈት ስትለምድ ያልተወለደች ልጇን ሕይወት፣ ሞቷንም ጨምሮ፣ እንደ ትዝታ ማየት ትጀምራለች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አልፎ የማልረሳው አንድ ጎድጓዳ የሰላጣ ሳህን ነው። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ ሳህኑ ከወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲወድቅባት እናትየው እጇን ትዘረጋለች፣ አትደርስም፤ የሳህኑ ጠርዝ ግንባሯን ይሰነጥቃትና አንድ ስፌት ትሰፋለች። ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ፣ ልጅቷ ከመኖሯ በፊት፣ ሉዊዝ ያንኑ ሳህን ሱቅ ውስጥ ታየዋለች፤ እጇን ዘርግታም ትገዛዋለች። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም መዘርጋት አንድ ዓይነት ነው። ስለ ዕጣ ፈንታ ብዙ ገጽ የፈጀ ክርክር ያላስረዳኝን ይህ የወጥ ቤት ዕቃ አስረድቶኛል።

ለራሴ ስል የታሪኩን መግቢያ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። ርእሱ ላይ ነው ቋንቋችን ማስቸገር የጀመረው፤ እንግሊዝኛው የማን ሕይወት እንደሆነ ሸሽጎ ይይዛል፣ እኛ ግን «ሽ» ብለን ሴት ልጅ መሆኗን ከደጃፉ እንናገራለን። ከዚህ የበለጠ ያስቸገረኝ ግሡ ነው። ደራሲው እናትየውን «አስታውሳለሁ» አሰኝቶ ወዲያው የትንቢት ግሥ ያስከትላል፤ አንባቢው የሚደነግጠው በዚያ መጋጨት ነው። «ትስቂያለሽ» የሚለው ግሣችን ግን ዘወትር የምትስቀዋንም ነገ የምትስቀዋንም ያጠቃልላል። እንግሊዝኛው ውስጥ ስንጥቅ ሆኖ የሚታየው ነገር በአማርኛ ልስን ሆኖ ያልፋል፤ ስንጥቁን ለማሳየት «ገና» የሚል ቃል ማስገባት ግድ ሆነብኝ። የባለ ሰባት እግሮቹ ፍጡራን ቋንቋ ከየትኛው ግሣችን ጋር እንደሚዛመድ እያሰብሁ ብዙ ማታ አምሽቻለሁ። ታሪኩ ኔቡላን አሸነፈ፤ በ2016 ‹አራይቫል› በሚል ርእስ ፊልም ሆኖ ለ8 የኦስካር ሽልማቶች ታጨ። ፊልሙ መልካም ነው፤ የፌርማን መርሕ ማሳየት ግን አልቻለም፣ የልጅቷንም አሟሟት ከተራራ መውጣት አደጋ ወደ ሕመም ለውጦታል። በሕመም መሞት መከላከል የማይቻል ነው፤ በአደጋ መሞት ግን «አትሂጂ» በማለት የሚቀር ይመስላል። የጽሑፉ ጭካኔና ውበት እዚያ ላይ ስለነበረ ለውጡ ይቆረቁረኛል።

ስለ ጠባዩ የሚነግረኝ አንድ ድርጊት አለ። በ2002 ስለ መልክና ውበት የጻፈው ታሪክ ሌላው ትልቅ የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ለሆነው ለሁጎ በታጨ ጊዜ ዕጩነቱን አልቀበልም አለ፤ ታሪኩ በአሳታሚ ጥድፊያ ምክንያት እርሱ በፈለገው መንገድ አልተጠናቀቀም ብሎ ስላመነ ነው። ሽልማት የሚሸሽ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሁጎን ተቀብሏል። ያልበሰለውን ብቻ ነው የመለሰው።

ሁጎን ካስገኙለት አንዱ በ2001 የወጣው «ሲኦል የእግዚአብሔር አለመኖር ነው» የሚለው ታሪክ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። መላእክት በአደባባይ የሚገለጡበት፣ መገለጣቸውም አንዱን ፈውሶ ሌላውን የሚገድልበት ዓለም ነው። ኒል የተባለ ሰው ሚስቱን በእንዲህ ያለ መገለጥ ያጣል፤ ነፍሷ ወደ ሰማይ ስትወጣ በቦታው የነበሩት ያያሉ፣ እርሱም ከእርሷ ለመገናኘት እግዚአብሔርን ከልቡ መውደድ አለበት። ደራሲው ከምንጮቹ አንዱ መጽሐፈ ኢዮብ መሆኑን ጽፏል። ቅር ያሰኘው መጨረሻው ነው፤ መልካምነት ሁልጊዜ እንደማይካስ ሊያስተምር የተነሣ መጽሐፍ ለምን ኢዮብን በእጥፍ ክሶ ይጨርሳል ይላል። እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጣችሁ» ስንል ያን መጨረሻ በልባችን ይዘን ነው፤ ከመከራው በኋላ የተመለሱለትን በጎችና ግመሎች፣ እንደገና የወለዳቸውን ልጆች። ከአንድ ጥያቄ ግን ማምለጥ አልቻልኩም፦ የሞቱት የፊተኞቹ ልጆችስ? ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ፤ ታሪኩ እምነቴን አልወሰደብኝም፣ ለቅሶ ቤት የምናገረውን ቃል ግን አሳንሶብኛል። ከዚያ ወዲህ ኀዘንተኛ አጠገብ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

በ2013 ወደ ጻፈው ሌላ ታሪክ ልለፍ፤ ይህኛው ወደ ቤቴ የገባ ነው። ምንጩ አሜሪካዊው ምሁር ዋልተር ኦንግ ስለ ቃልና ስለ ጽሕፈት ያደረገው ጥናት ሲሆን፣ ታሪኩ ከሚካሄድባቸው ሁለት ዓለማት አንዱ የናይጄሪያ የቲቭ ሕዝብ መንደር ነው። ጂጂንጊ የተባለ ልጅ ከአንድ አውሮጳዊ ሚስዮናዊ ፊደል ይማራል። ሚስዮናዊው በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ሲተው ልጁ ይገረማል፤ ንግግር ለእርሱ እንደ ፍየል እግር ቆዳ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ነው፣ ቃላት ደግሞ ከሥጋው በታች ያሉ አጥንቶች ናቸው፣ ክፍተቱም ቢላዋ የሚገባበት መጋጠሚያ ነው። ይህን ሳነብ ያየሁት የአያቴን የጸሎት መጽሐፍ ነበር፤ በየቃሉ መካከል ቀጥ ብሎ የቆመውን ሁለት ነጥብ። በልጅነቴ ለምን እንደሚጻፍ የነገረኝ አልነበረም። ብልት የሚያውቅ ሰው በግ ሲያወጣ ቢላዋውን የሚያሳርፈው በዚያች ነጥብ ላይ ነው።

ጂጂንጊ አድጎ ጸሐፊ ሲሆን መንደሩ ከየትኛው ጎሣ ጋር እንደሚዛመድ ክርክር ይነሣል፤ ሽማግሌው የሚናገሩት የዘር ሐረግና ቀደም ሲል በወረቀት የሰፈረው አይገጥሙም። ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ግን ለቲቭ ሰዎች ልክ የሆነውና በትክክል የተመዘገበው ሁለት የተለያዩ እውነቶች መሆናቸውን ያስታውሱታል። እኔም ዘሬን እስከ ሰባት ቤት የቆጠርኩት አያቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው። በ16 ዓመቴ የነገረችኝን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዓመታት በኋላ የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ሲል እንደገና ስትቆጥር ሰማኋት፤ አምስተኛው ቤት ላይ በደብተሬ ያለው ስም ቀርቶ ሌላ ስም ገባ። ደብተሩን አውጥቼ ላሳያት ተነሣሁ። ስሙን ስታነሣ ያዳመጧት ሁለቱ ቤተሰቦች ግን በእፎይታ እየተያዩ ነበር፤ ደብተሩን ሳልከፍት መልሼ ከሣጥኑ አኖርኩት። አሁንም እዚያው አለ።